አዲስ አበባ ልሄድ ብዬ የሸጥኩት በሬ

ቢቸና ከብት ተራ ውስጥ እንደ እኔ የሚያወራ የለም። ስለ ራሴ ስለሆነ አይደለም እንዲህ የምለው፤ ገበያ ቀን ብቅ ብላችሁ ያገኛችሁትን ሰው ጠይቁ። አንድ ዓይኑ የጠፋ በሬ "ግማሹን ብቻ ስለሚያይ የሚደነብረውም ግማሹን ነው" ብዬ አሻሽጬ አውቃለሁ። ገዢው እየሳቀ ከፈለ፣ ሻጩ እየሳቀ ተቀበለ፣ ያልሳቀው በሬው ብቻ ነው። ትምህርቴ አምስተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው። አምስተኛን ሁለቴ ስለተማርኩት ግን ስድስተኛ ደርሻለሁ ብል የሚከሰኝ የለም።

ይሄን ሁሉ የምለው ጉራ ልነዛ ብቻ አይደለም። እንዲህ ያለ አፍ ይዞ ቢቸና መቅረት ይሻላል ወይስ አዲስ አበባ መግባት እያልኩ ሳሰላስል የከረምኩበትን ዓመት ላወራችሁ ነው። አሰላሰልኩ፣ መረጥኩ። የምርጫዬን ዋጋ የከፈለው ግን ሌላ ሰው ነው።

ነገሩን የጀመረው የአክስቴ ልጅ ነው። አዲስ አበባ ከገባ ቆይቷል። አምና፣ ኔትወርክ በነበረበት አንድ ቀን ደወለልኝ።

"አንተ ልጅ፣ እስከ መቼ ነው የበሬ ጥርስ ስታይ የምትኖረው?"

"የሰው ጥርስ ከማይ ይሻለኛል። በሬ ሲስቅብኝ አይታወቀኝም።"

"ተው ቀልድህን። እዚህ ደላላ ማለት ሌላ ነው። ቤት ያከራያል፣ መኪና ያሻሽጣል፣ ሱፍ ለብሶ ነው የሚሄደው። ያንተ አፍ እኮ እዚህ ፎቅ ያሠራል!"

"አንተ ታዲያ ስንት ፎቅ ሠራህ?"

"እኔማ ያንተ አፍ የለኝም" አለኝ።

እዚህ ላይ ነው የተበላሁት። ሰው ቢሰድበኝ መልስ አላጣም፤ ሲያሞግሰኝ ግን እንደ ተሸለተ በግ ነው የምለሰልሰው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አዲስ አበባን እንደ በሬ ዞሬ ማየት ያዝኩ። ከብት ስገምት ከጥርሱ ነው የምጀምረው፤ ዕድሜውን እሱ ይናገራል። የቢቸናን ጥርስ አየሁ። መንገዱ አንድ ሳምንት ይከፈታል፣ ሦስት ሳምንት ይዘጋል። መንገዱ ሲዘጋ ነጋዴ ከዓባይ ወዲያ አይመጣም፤ ነጋዴ ካልመጣ እኔ ባዶ ሜዳ ላይ ቆሜ ለዝንብ ነው የማወራው። አብረውኝ ኳስ የተጫወቱት ልጆች ግማሾቹ ከተማ ሄደዋል፤ ግማሾቹ የት እንደሄዱ አይጠየቅም። ሠርግ እንኳን ቀነሰ። አንዴም ሚዜ ያልሆንኩበት ዓመት ነበር ያ፤ እኔን የመሰለ ሚዜ!

የአዲስ አበባንም ሰኮና አየሁ። የአክስቴ ልጅ በሁለተኛው ስልክ ላይ አምልጦት ነገረኝ። አንድ ክፍል ለአራት ነው የተከራዩት። ሁለቱ ቀን ይሠራሉ፣ ሁለቱ ማታ፤ አልጋው አይበርድም። መታወቂያህ የቢቸና ከሆነ ቤት የሚያከራይህ አይገኝም፤ ቤት ከሌለህ ደግሞ መታወቂያ የለም። "እና እንዴት ገባችሁ?" አልኩት። "ገባን አይደል?" አለኝ። ይሄ ሰኮናው የነቀለ ከብት ነው። ግን ነጋዴ የሆነ ሰው ያውቀዋል፤ ልብህ አንዴ ከወደደ ሰኮና አታይም።

እናቴ አለች። አባቴ ከሞተ ጀምሮ ብቻዋን ናት፤ ማለቴ እኔ አለሁ፣ ግን ውሎዬ ገበያ ነው። ቤታችን ከቢቸና የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ፣ ከአውራ ጎዳናው ዳር ነው። ሦስት ጥማድ የማትሞላ መሬትና አንድ በሬ አለችን። ዳለቻ በሬ፣ አመለ ወርቅ። አንድ በሬ አያርስም፤ ስለዚህ በኛ አገር አንድ በሬ ያለው አንድ በሬ ካለው ጎረቤቱ ጋር ይጣመራል፣ መቀናጆ እንለዋለን። አንድ ቀን የእሱን ያርሱበታል፣ አንድ ቀን የኛን። የኛ መቀናጆ ጎረቤታችን ሽማግሌው ናቸው። ከአባቴ ጋር የጀመሩትን ከእናቴ ጋር ቀጠሉ። የኛን ቀን እኔ ማረስ ሲገባኝ እሳቸው ናቸው የሚያርሱልን፤ እናቴ በዚያ ፈንታ ጭዱን ትሰጣቸዋለች። እኔ ምን እሰጣቸዋለሁ? አስቃቸዋለሁ። ደህና ክፍያ ይመስለኝ ነበር።

ዳለቻውን ሸጬ በርካሽ ሌላ ልግዛና በትርፉ ልሂድ ስላት እናቴ እጇን ከሊጡ ሳታወጣ ቀና ብላ አየችኝ።

"በሬው የኛ ብቻ ነው እንዴ?"

"ታዲያ የማን ነው?"

"ግማሹ የኛ ነው፣ ግማሹ የቀንበሩ ነው። ሂድና ጠይቃቸው።"

"እማዬ፣ እኔ እኮ ነጋዴ ነኝ።"

"አንተማ ነጋዴ ነህ። ገበሬ ቢኖረን መች እንዲህ እንሆን ነበር?"

ሄድኩ። ሽማግሌው አጥራቸው ስር ተቀምጠው የማረሻቸውን ስለት በድንጋይ ይስሉ ነበር። ልጆቻቸው ሁሉ ወጥተዋል፤ አንዱ ባሕር ዳር ነው፣ ሌላው ከየጁቤ ወዲያ ትዳር ይዞ ቀርቷል። ሚስታቸው ካረፉ ሰንብቷል። ሰባን አልፈዋል፤ ግን ራሳቸው ያርሳሉ። መሬታቸውን ምርት ለሚካፈል እኩል አራሽ ስጡ ሲባሉ ይቆጡ ነበር። በኛ አገር መሬቱን ሌላ ሰው የሚያርስለት ሽማግሌ ማለት በቁሙ ተዝካሩ የተበላለት ነው፤ ማኅበር ላይ እንኳን "ዘንድሮ ምን ዘራህ?" ብሎ የሚጠይቀው የለም።

"ከተማ ልትሄድ ነው አሉ" አሉኝ ገና ሳልቀመጥ።

"አዎ አባባ። እርስዎ ከፈቀዱ።"

"ሂድ። ወጣት ነህ፤ እዚህ ምን አለ? ለእኔ የጥማዱን ነገር ብቻ ንገረኝ። ዝናቡ ሳይገባ ምትክ ታመጣለህ?"

"ምትክ? ከዳለቻው የሚበልጥ ባላመጣልዎት ምላሴን ይቁረጡት!"

"ምላስህን ምን አደርገዋለሁ? አያርስልኝ" አሉኝና ሳቁ። "በሬ ነው የምፈልገው፣ ልጄ።"

መንገዱ ተከፍቶ የጭነት መኪኖች በመጡበት የመጀመሪያ ገበያ ዳለቻውን ቢቸና አወጣሁት። የገዛው ለእርድ ወደ አዲስ አበባ የሚጭን ነጋዴ ነው። አይሱዙው ላይ ሲያወጡት ጓደኞቼ ፊት "ይሄ ቀድሞኝ ገብቶ ቤት ይከራይልኛል" ብዬ አሳቅኳቸው። ዳለቻው እግሩን ወደ ኋላ አለና አልወጣም አለ፤ ስጠራው ድምፄን አውቆ ወጣ። ይሄን እስከ ዛሬ ለእናቴ አልነገርኳትም።

መኪኖቹ በመምጣታቸው የዚያን ሰሞን ቢቸና ላይ የበሬ ዋጋ ጣራ ነካ። ሞጣ ይረክሳል ሲሉ ሰማሁ። በአውቶቡስ ወደዚያው ሄድኩ። ሞጣ ከቢቸና ብትበልጥም ምን ያህል ትበልጣለች? ለእኔ ግን እንደ መለማመጃ ሆነችልኝ። "ሞጣን ያሸነፈ አዲስ አበባን አይፈራም" አልኩ ለራሴ። ጅል ንጉሥ ነበርኩ።

ቢቸና ላይ ከገበያው አንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ለመድረስ ሰላምታው ብቻ ግማሽ ሰዓት ይፈጅብኛል። ሞጣ ላይ ሁለት ጊዜ ዞርኩ፤ "እንዴት ዋልክ?" ያለኝ አንድ ሰው የለም። ደላሎቹ ዓይናቸው ያልፈኛል። እስከዚያ ቀን ድረስ ሰው ሳያየኝ መራመድ እንደማልችልበት አላውቅም ነበር። እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ። ያኔ መለፍለፍ ጀመርኩ።

አንድ ጥቁር በሬ አየሁ። ሻኛው የቆመ፣ ደረቱ የሰፋ። ባለቤቱ ጋቢውን ትከሻው ላይ የጣለ ዝምተኛ ገበሬ ነው። የበሬውን አፍ ከፍቼ ጥርሱን አየሁ፤ ገና ጎረምሳ ነው።

"ልታርስበት ነው?" አለኝ ሰውየው።

"ቄስ ላደርገው መስሎህ ነው?"

ከጎን የቆሙት ሳቁ። በቃ፣ ሞጣ ሳቀችልኝ። ከዚያ በኋላ ማን ያስቆመኛል?

"የት አገር ነህ?"

"ቢቸና። የበሬ አገር።"

"ጓደኛው እንዴት ያለ ነው? በየት በኩል..."

"ምነው፣ ልትድረው ነው እንዴ ዘመድ የምትጠይቀው?"

አሁንም ሳቁ። ሰውየው ፈገግ ብሎ ጠበቀና እንደገና ጀመረ። "አይ፣ ይሄ በሬ እኮ ወንድሜ..."

"ወንድሜ፣ ለእኔ በሬ አታስተምረኝ። እኔ ጥርሱን አይቼ የእናቱን ስም የምነግርህ ሰው ነኝ!"

አንዱ አጨበጨበ። ሰውየው ገመዱን እጁ ላይ ጠምጥሞ ፈታና "እንግዲህ ታውቃለህ" አለኝ። ተከራከርኩ፣ አስቀነስኩ፣ ገዛሁ። በመኪና አስጭኜ ስመለስ ሾፌሩን መንገድ ሙሉ ሞጣን እንዴት እንዳሸነፍኳት አወራሁለት። ትርፉ ኪሴ ውስጥ ነበር። በልቤ ሱፍ ለብሼ ነበር የተቀመጥኩት።

ሽማግሌው በሬውን ሲያዩ ወደ ጥርሱ አልሄዱም። እጃቸውን አንገቱ ላይ አድርገው ቀንበር የበላውን ቦታ ቀስ ብለው ዳሰሱ። ዳሰሱና እጃቸው ቆመ።

"ይሄ በየት በኩል ነው የሚጠመደው?"

"በሬ በአንገቱ ነው የሚጠመደው አባባ።"

አልሳቁም።

ገበሬ ላልሆነ ሰው ላስረዳ። በሬ ሲገራ ወይ በቀኝ ወይ በግራ ነው የሚገራው። ቀኝ የለመደ ዕድሜውን ሁሉ በቀኝ ነው የሚሄደው፤ ትልሙም፣ መዞሩም፣ ጓደኛውን የሚሰማበት ጎኑም በዚያው ነው። የሽማግሌው በሬ የቀኝ ነው። የኛ ዳለቻ የግራ ነበር። ከሞጣ ያመጣሁት የቀኝ ሆኖ ቁጭ አለ። ይሄን ሕፃን ያውቀዋል። እኔም አውቀዋለሁ! ቢቸና ላይ ግን ማንም አይጠይቅም፤ የማን በሬ ከማን ጋር በየት በኩል እንደሚጠመድ ሁሉም ሰው ያውቃልና። ሳላውቅ በሰው እውቀት ላይ ተሳፍሬ ነበር የምኖረው። ሞጣ ላይ ደግሞ ሰውየው ሁለት ጊዜ ሊነግረኝ አፉን ከፈተ፤ ሁለቴም እኔ ዘጋሁት።

በማግስቱ ጠዋት ጠመድናቸው። ጥቁሩን በግራ አቆምነው። ሦስት እርምጃ ሄደና ዞረ፤ በቀንበሩ ስር ወደ ቀኝ ሊሻገር ይታገላል። የሽማግሌው በሬ ደነገጠ፣ ሞፈሩ ተወላገደ፣ ማረሻው ከመሬት ወጣ። እንደገና አስተካከልን፤ ያው ነው። ማዶ የሚያርሱት ጎረቤቶች ቆመው ያዩናል።

"አንተ፣ ሁለት አማች ነው እንዴ የጠመድከው?" ብሎ አንዱ ጮኸ። "ሁለቱም የክብር ወንበር ፈልገው ተጣሉብህ!"

"ዳኛ ጥሩልን!" ብዬ መለስኩ። ሰው ሳቀ። ሽማግሌው የእርፉን እጀታ እንደያዙ መሬቱን ያዩ ነበር።

ቢቸና ሮጥኩ። የግራ በሬ በግንቦት ማን ይለውጣል? ያለው ሰው ጠምዶታል። ሞጣ ልመለስ አልኩ፤ መንገዱ ተዘጋ። ዳለቻውን ለገዛው ነጋዴ ደወልኩ፤ ለማይሆን ነገርም ተስፋ ማድረግ አይከለከልም ብዬ።

"ወንድሜ፣ የቱ ዳለቻ?" አለኝ። ምልክቱን ነገርኩት። "እሱማ ከተበላ ቆየ።"

ከዚያ በኋላ ያለውን ሦስት ሳምንት ማስታወስ አልወድም። የጥቁሩን በሬ ገመድ ይዤ ከፊት ከፊት በግራ በኩል እየሄድኩ ጎተትኩት። ከጠዋት እስከ ቀትር፣ በየቀኑ። ለመንኩት፣ ሰደብኩት፣ ዘፈንኩለት። በሬ ቀልድ አይሰማም። ዝናቡ ገባ። መሬታችን ዋልካ ነው፤ ጥቁር አፈር በጊዜው ካልያዝከው ጭቃ ሆኖ እግር ይውጣል፤ ጤፍ ደግሞ አራት አምስት ጊዜ ካልታረሰለት አይስቅልህም። እኛ አንዴውንም አልጨረስንም። ሽማግሌው አንድ ቀን እንኳን "ጥፋቱ ያንተ ነው" አላሉኝም። ቢሉኝ ኖሮ መልስ ነበረኝ፤ አዘጋጅቼ ነበር።

አንድ ቀን ጥቁሩ ጥግ ላይ ሲደርስ በኃይል ዞረ። እርፉ ከእጃቸው አምልጦ ጎናቸውን መታቸው። ትልሙ ውስጥ ቁጭ አሉ። ሮጬ ደረስኩ።

"አባባ!"

"ምንም አልሆንኩም።"

"ልደግፍዎት።"

"ተወኝ። ልቀመጥ።"

ብዙ ቆዩ። ጭቃው ልብሳቸውን እያራሰው፣ ጎናቸውን ይዘው፣ መሬታቸውን ከዚያ እስከዚያ አዩት። ከዚያ ተነስተው ራሳቸው ቀንበሩን ፈቱ። "ይብቃው" አሉ። ለማን እንዳሉት አልገባኝም፤ ለበሬው ይሁን፣ ለእኔ ይሁን፣ ለራሳቸው ይሁን።

እናቴ "ጥቁሩን ሸጠን የግራ እንግዛልዎት" ብላ ለመነቻቸው። "ጊዜውም አልፏል፣ ጎኔም እርፍ አያስይዘኝም" አሏት። በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መሬታቸውን ጥማድ በሬ ላለው አንድ ጎልማሳ ለእኩል ሰጡ። እኛም የኛን ለሱው ሰጠን፤ ሌላ ማን አለን? ሰውየው ሲያርስ ሽማግሌው አጥራቸው ስር ተቀምጠው ያያሉ። መጀመሪያ ሰሞን "እዚያ ጋ ድንጋይ አለ" ብለው ይጮኹለት ነበር። "አየሁት አባባ" ይላቸዋል። ኋላ ተዉት።

መስከረም ጠብቶ መንገዱ በተከፈተበት ገበያ ከብት ተራ ቆሜ ሳለሁ ሽማግሌው በሬያቸውን እየሳቡ መጡ። ወደ ተመታው ጎናቸው ያዘነብላሉ። ደላላው ሁሉ ሊቀበላቸው ተንደረደረ፤ እሳቸው ግን እየገፉ ወደ እኔ መጡ።

"አሻሽጥልኝ" አሉኝ።

"አባባ፣ ለሌላ ሰው ይስጡት። እኔ..."

"ለምን? ይችላል ይሉሃል እኮ።"

ፊታቸውን አየሁት። ሽሙጥ ፈለግኩበት፣ አጣሁ። ሽሙጥ ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር። "ቆሞ የሚበላ በሬ ምን ያደርግልኛል?" አሉኝ። "ጭዱም የለም።"

ሸጥኩላቸው። እንዲያውም የዚያን ቀን ከፍተኛው ዋጋ የወጣው በሳቸው በሬ ነው፤ ይሄንንም የቢቸና ሰው ይመስክር። እንደ ወትሮዬ ጮህኩ፣ እንደ ወትሮዬ አሳቅኩ። የሰው ሁሉ ጥርስ ተገልጦ ሳለ እሳቸው ከበሬው ጭራ ጥቂት ጸጉር ነጭተው ጋቢያቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩ። ከብት በሸጡ ቁጥር የሚያደርጉት ነው፤ በረከቱ ከበረት እንዳይወጣ። በረት ውስጥ ግን ከእንግዲህ የሚገባ ከብት የለም።

አውቶቡስ ተራ ድረስ ሸኘኋቸው። ባጃጅ ልያዝልዎት ብላቸው "እግር አለኝ" አሉ። ሊሄዱ ሲሉ ዞሩ።

"አሁንስ ሂድ እንጂ፣ ልጄ። ምን ይዞህ ነው? ቀንበሩም የለም።"

ስፈልገው የከረምኩትን፣ ምትክ የማይጠይቅ ፈቃድ እንዲህ አድርገው ሰጡኝ።

አልሄድኩም። ሰው "ለእናቱ ብሎ ቀረ" ይለኛል፤ ዝም ብዬ ምርቃቱን እቀበላለሁ። ውሸት ነው። ለመንገድ ያስቀመጥኳት ብር አልተነካችም፣ እናቴም አልያዘችኝም። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ፈራሁ። ሞጣ ላይ ቢያንስ ቆሞ ሊነግረኝ የሞከረ አንድ ሰው ነበረ። አዲስ አበባ ላይ ማን ይሞክራል? እዚህ መቅረት ጥሩ ሆኖልኝም አይደለም። ገበያ እወጣለሁ፣ አወራለሁ፣ ሰው ይስቃል፤ ማታ ስመለስ ከሽማግሌው አጥር በላይ ባለው መንገድ ዞሬ ነው የማልፈው። ቀድሞ መሄድና መቅረትን ግራና ቀኝ አድርጌ ስመዝን ሁለቱም ክብደት ነበራቸው። አሁን ሁለቱንም ሳነሳቸው ባዶ ናቸው።

ባለፈው የአክስቴ ልጅ እንደገና ደወለ። ቤት ነበርኩ፤ እናቴ ደጃፉ ላይ እህል ታበጥራለች።

"አንተ፣ ምን ሆንክ? መቼ ነው የምትመጣው?"

"መንገዱ ተዘግቶብኝ ነው" አልኩት። "ሲከፈት እመጣለሁ።"

በዚያው ሰዓት አንድ አውቶቡስ ጡሩምባውን እየነፋ ወደ ደጀን፣ ወደ አዲስ አበባ አቅጣጫ አለፈ። እናቴ ሰፌዷን ይዛ ቀና አለች፤ አቧራው እስኪበርድ ጠበቀችና ማበጠሯን ቀጠለች።